የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሴቪያ ታፓ ቤት ጾመኛ ምን ይበላል?

ጥያቄ፦ በሁዳዴ ለሥራ ወደ ስፔን፣ ሴቪያ ከተማ እሄዳለሁ። ባልደረቦቼ ማታ ማታ የሚገናኙት አሮጌው ከተማ ውስጥ ባሉ ታፓ ቤቶች (ምግብ በትንንሽ ሳህን የሚያቀርቡ መጠጥ ቤቶች) ነው። እጾማለሁ፤ ከጾም ውጭም አሳማ አልበላም። ምን ልዘዝ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አይራቡም። ሴቪያ ራሷ ለካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም የምትሠራው ምግብ አላት፤ ስፒናች በሽምብራ፣ በእነሱ አጠራር «ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ»። በተለመደው አሠራሩ ሥጋም ቅቤም አይገባበትም፤ ከጾሙ ወራት ውጭም ይገኛል።

የሚያስቸግረው ሐሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀው የአሳማ ታፋ ነው። «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሐሞንን ከሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ ያጋጥማል። ሳልሞሬኾ ከቲማቲም፣ ከዳቦና ከወይራ ዘይት የሚፈጭ ወፍራም ቀዝቃዛ ሾርባ ነው፤ ላዩ ላይ ግን ሐሞንና እንቁላል ይነሰነስበታል። «ሲን ሐሞን፣ ሲን ዌቮ» ብለው ሁለቱንም ያስቀሩ። ፓፓስ አሊኛስ የሚባለውን የድንች ሰላጣም ያለ ቱናና ያለ እንቁላል ይዘዙት። ክሮኬታስን (በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበስ ድቡልቡል) ይተዉት፤ ወተት አለበት፣ ብዙ ጊዜም ሐሞን።

ጾሙ ሲፈታም ሶሎሚዮ አል ዊስኪ፣ ካሪያዳ እና ፕሪንጋ ላይ ይጠንቀቁ። ስማቸው አሳማ ባይልም በሴቪያ ታፓ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ናቸው። «ኖ ኮሞ ሴርዶ» (አሳማ አልበላም) የምትለዋን ዐረፍተ ነገር በቃልዎ ይያዟት።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ይኬዳል? አስተዛዘዙስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብዙ ኩሽናዎች ይዘጋሉ፤ 3 ሰዓት ገደማ መሄድ ይሻላል። ታፓ ለአንድ ሰው የሚሆን ትንሽ ሳህን ነው፣ ሜዲያ ራሲዮን ግማሽ፣ ራሲዮን ሙሉ ሳህን። ሁለት ሁለት እያሉ ይዘዙ፤ ባንዴ ካዘዙ ይቀዘቅዛል። ውጭ ሲቀመጡ ዋጋው የሚጨምርበት፣ ታፓ ጭራሽ የማይቀርብበትም ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1670 በተከፈተው ኤል ሪንኮንሲዮ በተባለው የሴቪያ ታፓ ቤት ሂሳብዎ የሚጻፈው በጠመኔ ባንኮኒው እንጨት ላይ ነውና በክንድዎ እንዳያጠፉት። ወደ ግራናዳ ካለፉ ደግሞ ታፓው ከመጠጥ ጋር በነጻ ይመጣል፤ የሚመርጠው ቤቱ ስለሆነ ጾመኛ መሆንዎን መጠጡን ሲያዙ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ስፒናች በሽምብራ ቤቴ ሠርቼ መረረኝ፣ ውሃም አዘለ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሚያመርረው ያረረ ነጭ ሽንኩርት ወይም ያረረ ፓፕሪካ (የቀይ ቃሪያ ዱቄት) ነው፤ ውሃው ከስፒናቹ ይመጣል። ለአራት ሰው 500 ግራም ስፒናች ለሁለት ደቂቃ ቀቅለው በእጅዎ አጥብቀው ይጭመቁት። በ5 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና 2 ቁራጭ የደረቀ ዳቦ ወርቃማ እስኪሆኑ ይጥበሱ፤ አውጥተው ከ1 የሻይ ማንኪያ ከሙን ጋር ይውቀጡ። እሳቱን አጥፍተው 1 የሻይ ማንኪያ ጣፋጭ (የማያቃጥል) ፓፕሪካ ዘይቱ ላይ ይጨምሩና ወዲያው ስፒናቹን፣ 400 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ፣ የተወቀጠውንና ጥቂት የሽምብራ ውሃ ያስከትሉ። ጨው ጨምረው በለስላሳ እሳት 10 ደቂቃ ያብስሉት። 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ሽምብራው ሳይበስል ከገባ ያጠነክረዋል። በስፒናች ፋንታ ቆስጣ ከሆነ ወፍራም ግንዱን አውጥተው 5 ደቂቃ ይቀቅሉት።