ይጠይቁን፦ መርፌ የለመደ እጅ ኮምፒውተር ሲይዝ

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት ሳገለግል 17 ዓመት ሆኖኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ በተኝቶ ታካሚዎች ክፍላችን ኮምፒውተር ገብቶ፣ የታካሚዎች መረጃ ከወረቀት ካርድ ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እየተዛወረ ነው። ሥልጠናው የሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ ያሠለጠነን ወጣትም እጁ ከዓይናችን ይቀድም ነበር። የሕፃን ደም ሥር ስፈልግ የማይንቀጠቀጥ እጄ ማውስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ሲስተር፣ ይተዉት፤ እኛ እናስገባልዎታለን» እያሉ በእኔ የይለፍ ቃል ይጽፉልኛል። ጡረታዬ እስኪደርስ እንዲህ ብቀጥል ምን ይጎዳል? ልማር ካልኩስ ከየት ልጀምር? ነገ ማሽኑ ራሱ ነርስ ይሆናል ሲባልም እሰማለሁ።
(ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ ሲስተር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሲስተር፣ ሌላው ሁሉ ሊዘገይ ይችላል፤ የይለፍ ቃልዎን ግን ዛሬውኑ ይቀይሩ። በወረቀቱ ጊዜ መድኃኒት ሰጥተው ካርዱ ላይ ይፈርሙ እንደነበረው ሁሉ፣ አሁንም በእርስዎ ስም ተከፍቶ የተጻፈ ነገር በሙሉ የእርስዎ ፊርማ ነው። እርስዎ ያላዩት የደም ግፊት ልኬት አንድ ቀን የታካሚው ሞት ሲመረመር ቢነሣ፣ መዝገቡ የሚያውቀው የእርስዎን ስም እንጂ የልጆቹን ደግነት አይደለም። ልጆቹን አይቀየሟቸው፤ አጠገብዎ ቆመው እርስዎ እንዲጽፉ ያድርጓቸው።

ስለ ፍጥነት ብዙ አይጨነቁ። የኮምፒውተር ዕውቀት ሲባል የጣት ቅልጥፍና ይመስለናል፤ ቅልጥፍና ግን ከልምድ ጋር ይመጣል። ለነርስ ከዚያ የሚበልጠው፣ ማሽኑ የተጻፈለትን እንዴት እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚሳሳት ማወቅ ነው። በአገራችን ደግሞ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች በሌላ አገር በተዘጋጀ መማሪያ ውስጥ እምብዛም አይገኙም፤ ሰዓት፣ የዘመን አቆጣጠርና ስም ናቸው።

ከሰዓቱ እንጀምር። በየ12 ሰዓቱ እንዲሰጥ የታዘዘ ጄንታማይሲን ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰጡ እንበል። ኮምፒውተሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ፣ የእርስዎ 2 ሰዓት ለእሱ 20፡00 ነው። እጅዎ በልማድ 2፡00 ብሎ ከጻፈ ግን፣ ማሽኑ መድኃኒቱ የተሰጠው ማክሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው ብሎ ይይዛል፤ ስለዚህም የሚቀጥለው መጠን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መሰጠት ሲገባው እንደታለፈ ያሳያል። ከእርስዎ የተረከበችው የአዳር ተረኛ ይህን አይታ፣ የቀረውን መሙላቷ መስሏት መድኃኒቱን ልትደግመው ትችላለች። ጄንታማይሲን ደግሞ ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳ መድኃኒት ነው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን የበደለ ሰው የለም፤ የተጋጩት ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ላለው 18 ይደምሩ፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ካለው 6 ይቀንሱ። ይህችን በፕላስተር ላይ ጽፈው ከስክሪኑ ጠርዝ ይለጥፏት፤ የሚስቅብዎት ቢኖር እንኳ አንድ ቀን ሰርቆ ማየቱ አይቀርም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተወለደች ሕፃን የልደት ዘመኗ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሚሠራ ሳጥን ውስጥ ሳይለወጥ ከገባ፣ ማሽኑ ዕድሜዋን በ7 ዓመት ያስረዝመዋል፤ በ2 ዓመቷ ለሕክምና ብትመጣ የ9 ዓመት ልጅ ትሆናለች። የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያን እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል፦ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን ነው። ልጅቷ በደቂቃ 44 ጊዜ ብትተነፍስና ሳል ቢኖራት፣ 9 ዓመቷ ነው ብሎ የያዘ ማሽን በዚህ መለኪያ ስለ ሳንባ ምች ሊያስጠነቅቅዎ አይችልም። አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ግን ገና ጡት ያልጣለች መሆኗ ከፊትዎ ይታያል። ስክሪኑና አልጋው ሲለያዩ አልጋውን ይመኑ፤ ከዚያም ስክሪኑን ያርሙ።

ስምን በተመለከተ፣ በወሎ በአንድ ቀን ሦስት ሰይድ መሐመድ ካርድ ቢያወጡ የሚደነቅ የለም። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። በአማርኛ ቢሆንም ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ካርድ ክፍል «መሐመድ» ብሎ የመዘገበውን እርስዎ «መሀመድ» ብለው ቢፈልጉ ላያገኙት ይችላሉ። ታካሚው የለም ብለው አዲስ መዝገብ ከከፈቱ ደግሞ፣ የፔኒሲሊን አለርጂው በአሮጌው መዝገብ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ፍለጋን ሁልጊዜ በካርድ ቁጥር ይጀምሩ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ለማረጋገጫ ይሁኑ።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ እኔ የምመክረው መልሱን አስቀድመው በሚያውቁት ነገር መጀመርን ነው። ኤክሴል የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይክፈቱና 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት እንዲያልቅ፣ 1 ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ በሚያወርድ መስጫ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚሆን እንዲያሰላ ያድርጉት፦ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል። 42 ገደማ እንደሚመጣ እርስዎ በጭንቅላትዎ ያውቁታል። ማሽኑ 4 ወይም 420 ካለዎት ያሳሳቱት ቁጥር የት እንዳለ ይፈልጉ። በዚህ መንገድ ተማሪውም ፈታኙም እርስዎ ይሆናሉ፤ ፍርሃቱ የሚለቀውም ያኔ ነው። በሆስፒታሉ ሥርዓት ላይ ደግሞ የኤችአይቲ (የጤና መረጃ) ባለሙያውን ለልምምድ የሚሆን የሙከራ ታካሚ እንዲከፍትልዎ ይጠይቁት፤ በእውነተኛ ታካሚ ካርድ ላይ ልምምድ አይደረግም።

መብራት ሲጠፋ ሥራው በወረቀት ይቀጥላል፤ ሲመለስ ግን መጻፍ ያለብዎት መድኃኒቱን የሰጡበትን ሰዓት ነው እንጂ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገቡበትን አይደለም። በነገራችን ላይ፣ አለቆቻችሁን የመረጃው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ ጠይቋቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ንብረት ሲዘረፍ ያየ ሰው፣ ብቸኛው ቅጂ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ማሽን ላይ ነው ቢሉት እንቅልፍ ሊወስደው አይገባም።

ማሽኑ ነርስ ይሆናል ወይ ላሉት፣ ልኬት ሊቆጥርና ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ታካሚው «ደህና ነኝ» እያለ ፊቱ ሲገረጣ አይቶ የሚጠራጠረው ግን እርስዎ ነዎት። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ነርሷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ «ያመማል?» ብላ መጠየቅ እንዳትለምድ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በተግባር ልምምድ ወቅት ያልገባንን ለመጠየቅ የታካሚ ካርድ በስልክ ፎቶ አንሥተን በቴሌግራም ቡድናችን እንላላካለን። ስሙን በጣታችን እንሸፍነዋለን። ይህ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የካርድ ቁጥሩ፣ ቀበሌው፣ የገባበት ቀንና የበሽታው ዓይነት አንድ ላይ ሲታዩ፣ እንደ ኮምቦልቻ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ስም አያስፈልግም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ያስቀምጠዋል። መጠየቃችሁ ግን መልካም ስለሆነ አትተዉት፤ ፎቶውን ትታችሁ «ዕድሜያቸው 60 ገደማ የሆነ፣ ስኳር ያለባቸው እናት፣ ኢንሱሊን ከወሰዱ በኋላ አላባቸው፤ መጀመሪያ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ ለመጻፍ ጉዳዩን አስቀድማችሁ መረዳት ስላለባችሁ ትምህርቱም ከፎቶው የተሻለ ይሆናል። ሴትዮዋ ከፊታችሁ እያላባቸው ከሆነ ግን ቴሌግራሙን ተዉትና ተረኛዋን ሲስተር ጥሩ። እስካሁን የላካችሁትን ደግሞ አጥፉ፦ ላኪው የላከውን ከሁሉም ላይ መሰረዝ ይችላል፤ ወደ ስልክ የወረደውን ቅጂ ግን እያንዳንዱ ባለስልክ ከራሱ ጋለሪ ፈልጎ ማጥፋት አለበት።