ከፈረስ ወድቃችሁ ለተነሣችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል ቀን፣ እንጅባራ ላይ አንድ ልጅ አየሁ። ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። ጓደኞቹ ፈረሶቻቸውን አሸብርቀው ሜዳውን ሲያናውጡት፣ እሱ ዳር ላይ ቆሞ የሌላ ሰው ፈረስ ይይዛል። ግራ እጁ በደንብ አይታጠፍለትም። "አንተስ አትጋልብም?" አልኩት። "ዘንድሮ ፈረሴ ታመመብኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። "ምኑን አመመው?" ስለው መልስ ጠፋው። ይቺን ውሸት አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተገልግዬባታለሁ። ይህን የምጽፈው ለሱና ለመሰሎቹ ነው።

የወደቅኩት በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። 46 ዓመቴ ነበር። ከደብረ ዘይት እንስሳት ሕክምና ከተመረቅኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ኮርቻ ላይ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነኝ። ጉግስ ሜዳ ላይ ብወድቅ ኖሮ ለወሬም ይመች ነበር። የወደቅኩት ግን የታመመች ላም አክሜ ስመለስ፣ ዘወትር በማልፍበት መንገድ ላይ ነው። አጥር ላይ የተንጠለጠለ ላስቲክ በነፋስ ተርገበገበ። ፈረሱ ወደ ቀኝ ዘለለ፣ እኔ በግራ በኩል ቀረሁ። እግሬ ግን ከእርካቡ አልወጣም። ጥቂት ጎተተኝ። ዳሌዬና የግራ ጭኔ አጥንት ተሰበረ።

የጥንቱ የአገራችን እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት ነበረች። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ነው የሚጋልበው፤ ሲወድቅ ጣቱ ውልቅ ይላል። እኛ ዘመናዊውን ብረት ወሰድንና ጫማውን ረሳነው። እኔ ያን ቀን ያደረግኩት ለስላሳ ስኒከር ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሾልኮ ገባ። ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጉ፣ እርካቡም ከጫማችሁ ሰፋ ይበል። በዚህ ጉዳይ ክርክር አልቀበልም።

ሌላም አለ። የወደቀ ሰው ዳሌውን ወይም ጀርባውን ካመመው በብብቱ ይዛችሁ አታቁሙት። እኔን ሁለት ሰዎች ሊያነሡኝ ሲሉ ጮኼ ነው ያስተውኳቸው። ዘመዶቼም ወጌሻ ሊጠሩ ተነሥተው ነበር። የተሰበረ ዳሌ ግን የሚታሽ ነገር አይደለም፤ መጀመሪያ ራጅ ነው። ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ ደግሞ ሐኪም እሺ እስኪላችሁ ድረስ ኮርቻ ላይ እንዳትወጡ። የወደቃችሁበት ሄልሜት ባይሰነጠቅ እንኳ ሥራውን ጨርሷል። ሌላ ፈልጉ።

ብረት ገባልኝ። ተኛሁ፣ በክራንች ሄድኩ፣ ከዚያ በከዘራ። በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና "አሪፍ ገጥሟል" አለኝ። አጥንቴ ከእኔ ቀድሞ ዳነ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው መካሪ የሚሆነው። "ወዲያው ካልወጣህ ፍርሃት ይገባብሃል!" እናንተም ሰምታችኋል። ምክሩ አቧራውን አራግፎ ለሚነሣ ሰው ይሠራ ይሆናል። አጥንቱ ለተሰበረ ግን አይሠራም። ፍርሃቱ እኮ ገብቷል! መሬት ሳልደርስ ነው የገባው።

እኛ ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የእኛ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋን ፈረሰኞች የሚዘክር ማኅበር ነው። አባቴ አባል ነበር። እንዲህ ባለ አገር "ፈረስ ፈራሁ" ይባላል? አይባልም። ስለዚህ በስምንተኛው ወር፣ በ2002 ዓ.ም. ጥር 23፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ጓደኞቼ ደግፈው አወጡኝ። እልልታው ቀለጠ። ፈረሱ አምስት እርምጃ ያህል ሄደ። እጄ ዛቡን፣ የልጓሙን ገመድ፣ መያዝ አቃተው። ትንፋሼ ጠፋ። ጆሮዬ ውስጥ የሚሰማኝ የዚያ ላስቲክ ድምፅ ብቻ ነበር። "አውርዱኝ" አልኩ። አወረዱኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ነው ፈረሴ መታመም የጀመረው።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አንድ ባለጋሪ ዳማ ፈረሱን ይዞልኝ መጣ። አይሱዙ ጎኑን ገጭታው ቁስሉ ደርቋል፤ አስፋልት ሲያይ ግን አንድ እርምጃ አይሄድም። ባለጋሪው በአለንጋ እየገረፈ ሊያልፈው ይሞክራል። ተቆጣሁ። "አትግረፈው" አልኩት። "መንገዱን እያየ ሣር የሚግጥበትን ርቀት ፈልግ። እየጋጠ ከሆነ ልቡ አብሮት አለ። አንገቱን ቀና አድርጎ ማኘክ ካቆመ አብዝተህ አቅርበኸዋል፤ ወደ ኋላ መልሰው። ነገ ደግሞ ሁለት እርምጃ ጨምር።"

ባለጋሪው አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ አብሮት ነበር። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "ጋሼ" አለኝ፣ "እርስዎስ የት ጋ ሲደርሱ ነው መብላት የሚያቆሙት?"

አባቱ ደንግጦ ሊመታው እጁን አነሣ። እኔ ሳቅሁ። ከሳቄ በኋላ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሃያ ዓመት ለስንት ፈረስ ያዘዝኩትን መድኃኒት ለራሴ ነፍጌ ኖሬያለሁ።

የልጁን ጥያቄ በቁም ነገር ያዝኩት። እኔ ሣር አልግጥም፤ ግን ወሬኛ ነኝ። ፈረስ ስቦርሽ ለፈረሱ አወራለታለሁ፣ ያየሁትን የሰማሁትን። እግሬን ወደ እርካብ ስሰድ ግን ድምፄ ይጠፋል። መለኪያዬ ይኸው ሆነ፦ ማውራት ከቻልኩ እቀጥላለሁ፣ ዝም ካልኩ እመለሳለሁ። ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጠርኩት። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ቡላ ፈረስ ተዋስን። ብዙ ቅዳሜ ቦረሽኳት፣ ኮቴዋን አጸዳሁ፣ በገመድ ይዤ ዞርኩ፤ ይኸው ነው። ከዚያ ኮርቻውን ጭኜ፣ ክንዴን ጣል አድርጌበት እያወራሁ መቆም። ልጁ አንድ ጊዜም "አይዞዎት" አላለኝም። ዝም ስል ብቻ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላል። የወጣሁ ቀን የሄድነው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ስወርድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ወሬዬን ግን አላቋረጥኩም።

ፈረስ ለምን እንዲህ እንደሚያነብባችሁ ልንገራችሁ። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ኋላ ካለች ጠባብ ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል። ቆዳው ዝንብ ስታርፍበት ይሰማዋል። የፈራ ሰው ምን ያደርጋል? ጎንበስ ይላል፣ በጉልበቱ ይጨምቃል፣ ዛቡን ይጎትታል። ጎንበስ ማለትና መጨመቅ ለፈረሱ "ሂድ" ነው፤ ዛብ መጎተት "ቁም" ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ሲሰማ ምን ያድርግ? የሚፈራ ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ይደነብራል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንፋሻችሁን አውጡ። ቁጭ በሉ፣ ትከሻችሁ ይውረድ። እጃችሁ ለጋማው ይጠጋ፤ ጋማ መያዝ ነውር አይደለም። ከሁለቱም እርካብ እግር አውጥቶ መውረድን ቆሞ ባለ ፈረስ ላይ ደጋግማችሁ ተለማመዱ። አንዱን ዛብ ቀስ አድርጎ ስቦ የፈረሱን አንገት ወደ ጎን ማጠፍንም እንደዚሁ፤ ሲበረግግ ያበርደዋል። ይህን በእርምጃ ሳይለምዱ ሽምጥ ላይ ልሞክረው ማለት ግን ፈረሱን መጣል ነው።

ሊስ ሃርቴል የምትባል ዴንማርካዊት ነበረች። ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ አደረጋት። ሰው ደግፎ ነበር የሚያወጣትና የሚያወርዳት። እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳሊያ አገኘች፣ ከአራት ዓመት በኋላም ደገመችው። እንደሷ ሁኑ ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገረኝ እኔ ራሴ ይደክመኛል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በእግሯ ማዘዝ ስላልቻለች በክብደቷና በጀርባዋ ነው ፈረሱን ያዘዘችው። የድሮ አጋላለቧን ልመልስ ብላ ብትታገል ኖሮ የትም አትደርስም ነበር።

እኔም የድሮው አልተመለሰልኝም። ጉግስ አልጫወትም። ሽምጥ የጋለብኩት ከወደቅኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱንም ለታይታ ስል ነው፣ አፍሬበታለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ወቅት የወደቀ ጓደኛዬ ደግሞ እስከ ዛሬ ኮርቻ ላይ አልወጣም። ፈረስ ያረባል፣ ይሸጣል፣ ደስተኛ ነው። ማንም "ፈሪ" ሲለው ብሰማ እጣላለሁ። ለቲክቶክ ተብሎ ከሚወጣ በግልጽ መተው ይሻላል። ጓደኞቻችሁ ስልካቸውን ደግነው "ውጣ፣ ውጣ" ሲሏችሁ ያ ጥር 23 ትዝ ይበላችሁ። እኔን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስከፍሎኛል።

አንተ ሜዳው ዳር የቆምከው ልጅ፣ ፈረስህ እንዳልታመመ ሁለታችንም እናውቃለን። ክንድህን ለፊዚዮቴራፒስት አሳይ፤ የማይታጠፍ ክንድ ዛቡን ስለሚጎትት ፈረሱ በአንተ ጥፋት ይቀጣል። ከዚያ ቅዳሜ ና። ያ የባለጋሪ ልጅ ዛሬ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ፈረሶቼንም የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ብዙ አያወራም።

የወደቅኩባትን መታጠፊያ አሁንም በሳምንት ሁለት ሦስቴ አልፍባታለሁ። አጥሩ ታድሷል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ቆርቆሮው ላይ ተሰቅሎ ይርገበገባል። የፈረሱ ሁለት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ወደዚያ ዞሩ። የኔም ጭን ሲጠብቅ ተሰማኝ። ትንፋሼን አወጣሁና ጤፍ ስንት እንደገባ እነግረው ጀመር፣ የነጩን፣ ቀጥሎ የሰርገኛውን። አንዱን ጆሮውን ወደ እኔ መለሰው።