ሽቲ፣ እርድና ሂና፦ የጠየቃችሁኝ

ከድሬና ከሐረር የደረሱኝ የሰሞኑ ጥያቄዎች ሁሉም ልብስን በተክል ስለማቅለም ናቸው።

*ነጭ የፖሊስተር ሽቲዬን (ሰፊ ስስ ቀሚሴን) በእርድ ሁለት ሰዓት ቀቀልኩት። ደስ የሚል ቢጫ ወጣው፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ግን ገረጣ። ምን አጠፋሁ? (ከከዚራ)*

አቦ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ፖሊስተር ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፣ ውኃ አይወድም፤ አብዛኛው የተክል ቀለም ደግሞ በውኃ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። ፋብሪካዎች ፖሊስተርን የሚያቀልሙት በተዘጋ ጋን፣ በግፊት፣ ሙቀቱን 130 ዲግሪ ገደማ አድርሰው ነው፤ ያኔ ክሩ ላላ ብሎ ቀለሙን ያስገባል። የእኛ ድስት እዚያ አይደርስም። ድሬ ላይ ውኃ የሚፈላው 96 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ደግሞ 94 ገደማ። እርድ ከሌሎቹ ትንሽ ይሻላል፣ ይገባል፤ ግን ፀሐይ አይችልም፣ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። በፕሬዠር ኩከር ልሞክር እንዳትዪ፤ ጨርቁ የእንፋሎቱን መውጫ ከደፈነ ድስቱ ቦምብ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ሽቲውን በነጭነቱ ልበሺው። ለሦስት ቀን ቢጫ ያን ሁሉ ከሰልና ውኃ መጨረስ ለአካባቢ ማሰብ አይመስለኝም።

*ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። የትኛው ቁርጥራጭ የተክል ቀለም እንደሚቀበል በምን ልለየው?*

በክብሪት። ቁራጩን በወረንጦ ይያዙና ጫፉን ይለኩሱት። ጥጥና ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ጨርቅ) እንደ ወረቀት ነደው አመድ ይሆናሉ፤ ሁለቱም የተክል ቀለም ይቀበላሉ። ቀልጦ ጠጠር የሚሆነው በአብዛኛው ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። እነዚህን ለመለየት ቁራጩን ከሂና ጋር ያሙቁት፤ አጥብቆ ከያዘ ናይለን ነው።

*እናቴ ካቦካችው ሂና የተረፈውን ለናይለን ሻርፔ ብጠቀምበትስ?*

ይህን ጥያቄ ወደድኩት! ናይለን ሰው ሠራሽ ይሁን እንጂ የተሠራበት ነገር ከሱፍና ከሐር ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ሂናን ይወዳል። ሂናውን በውኃ በጥብጠሽ አጥልዪው፣ ጥቂት ኮምጣጤ ጨምሪ፣ ሻርፑን አርጥበሽ ክተቺ። ሳይንተከተክ አንድ ሰዓት ያህል አሙቂው፤ ከዚያ እዚያው ይቀዝቅዝ። ብርቱካናማ ቡናማ ታገኛለሽ። የወጥ ድስት ግን አትጠቀሚ። «ጥቁር ሂና» የሚባለውንም ተዪው፤ ተክሉ ጥቁር ቀለም የለውም፣ ጥቁር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የተቀላቀለበት የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል።

*ጨው ቀለም ያጸናል?*

የተክል ቀለም አያጸናም። ለጥጥና ለሱፍ አሉም (ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያስይዝ ማዕድን) ነው የሚሠራው። ፖሊስተር ላይ አሉምም አይረዳሽም።

*የጥጥ ቀሚስ በሽንኩርት ልጣጭ ነክሬ ጨርቁ ወርቃማ ሆነ፣ ስፌቱ ግን ነጭ ቀረ!*

የስፌት መኪና ክር ዛሬ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ለዚያ ነው። ወይ በጥጥ ክር አሰፊ፣ ወይ ጌጥ ነው በይ። እኔ ጌጥ ነው ብዬ ለብሼ ዞሬያለሁ፤ የት አሰፋሽው ያሉኝም አሉ።