ዕድሜው የገፋ ኮርነርባክ በርካሽ ሲፈርም ምን እንይ? ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካን ፉትቦል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት አንድ ነገር ነው፦ ቡድናችን ያረጀ ኮርነርባክ በትንሽ ብር ሲያስፈርም ደስ ይበለን ወይስ እንስጋ? ምሳሌዬ ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ የተጫወተው ፓትሪክ ፒተርሰን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮርነርባክ ማለት ምንድን ነው? እኔ የማውቀው የኛን እግር ኳስ ነው።

ዳር ላይ ቆሞ የተጋጣሚን ሪሲቨር (የሚወረወርለትን ኳስ የሚቀበል አጥቂ) የሚይዝ ተከላካይ ነው። ሪሲቨሩ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፣ ኮርነሩ አያውቅም፤ ያውም ወደ ኋላ እየሮጠ ነው የሚጀምረው። ለዚህ ነው ፍጥነቱ ትንሽ ሲቀንስ ወዲያው የሚያስታውቅበት።

ጥያቄ፦ «ርካሽ» የሚባለው ስንት ነው?

በ2022 የአንድ ቡድን የደመወዝ ጣሪያ 208.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፒተርሰን የዚያን ዓመት ለአንድ ሲዝን በ4 ሚሊዮን ፈረመ፤ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳን አይሞላም። ከዚህ የሚወርድም አለ። ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የተጫወተ ሰው ዝቅተኛ ደመወዙ ያኔ 1.12 ሚሊዮን ነበር፣ ጣሪያው ላይ ግን 895 ሺህ ብቻ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ይህ ሕግ የወጣው ቡድኖች ነባሩን ገፍተው ርካሽ ወጣት ብቻ እንዳይሰበስቡ ነው። ውል ስታዩ መጀመሪያ ዋስትና ያለውን ብር ፈልጉ። እሱ ትንሽ ከሆነ ሰውየው ገና ቦታውን አላገኘም ማለት ነው፣ ሲዝኑ ሳይጀመር ሊሰናበት ይችላል።

ጥያቄ፦ 32 ዓመት የሞላው ኮርነር ምን ይጠቅማል?

ሥራው ከተስተካከለለት በጣም ይጠቅማል። ፒተርሰን በ2011 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት) አሪዞና በ5ኛነት የወሰደው፣ ስምንት ጊዜ ለፕሮ ቦውል (የኮከቦች ጨዋታ) የተመረጠ ሰው ነው፤ ግን ስም አይሮጥም። በ2022 የመጣው የመከላከል አሠልጣኝ ኤድ ዶናቴል ዞን አብዝቶ ያጫውት ነበር። ዞን ላይ ኮርነሩ አንድ ሰው እየተከተለ ሜዳውን አያካልልም፤ ቦታውን ይዞ ኳርተርባኩን (ኳስ ወርዋሪውን) ያነባል። እግር የቀነሰውን ዓይን ይሞላዋል።

ኖቬምበር 13፣ 2022 ቡፋሎ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ቫይኪንግስ 33 ለ 30 እየመራ፣ ቡፋሎ የቫይኪንግስ 20 ያርድ (18 ሜትር ገደማ) መስመር ላይ ደርሳለች። የቡፋሎው ኳርተርባክ ጆሽ አለን ወደ ኤንድ ዞን (ነጥብ ወደሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ) ወረወረ። ፒተርሰን ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አይቶ ከሪሲቨሩ ፊት ገባና ነጠቃት። አለቀ። በዚያ ቀን የነጠቃት ሁለተኛ ኳስ ነበረች። ያቺን ፕሌይ ስንቴ እንደደጋገምኳት አልቆጠርኩም፤ በፍጥነት የተገኘች ኳስ አይደለችም፣ ቀድሞ በማወቅ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሲዝኑ አምስት ኢንተርሴፕሽን (ከተጋጣሚ የነጠቀው ውርወራ) ካለው ምርጥ ነበር ማለት ነው?

ቀስ በሉ። እሱ በሲዝኑ አምስት ነጥቋል፣ ግን የቫይኪንግስ መከላከል ለተጋጣሚ በሰጠው ያርድ ከ32 ቡድኖች 31ኛ (ከመጨረሻ ሁለተኛ) ነበር። ጥፋቱን እሱ ላይ አልጭንም። ግን ኢንተርሴፕሽን ዕድልም አለበት፣ ዘንድሮ አምስት የነጠቀ ለከርሞ አንድ ሊያገኝ ይችላል። ስንት ጊዜ ወደሱ እንደተወረወረና ስንት ያርድ እንደሰጠ ብትቆጥሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ላይ ምኑን ልይ?

ወገቡን። ሪሲቨሩ በቀጥታ ሲያልፈው ኮርነሩ ዞሮ መሮጥ አለበት። በአንድ እርምጃ ከዞረ ደህና ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ከፈጀበት፣ ወይም ይህን ፈርቶ ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር ስምንትና አስር ያርድ ርቆ መቆም ካበዛ፣ ቡድኑ ከኋላው ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ማቆም ይኖርበታል፤ ያኔ ርካሹ ተጫዋች ሌላ ተጫዋች እየበላ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ወጣቶቹን አያጫውቱም?

ሞክረዋል እኮ። በ2022 ድራፍት ወጣቶቹን ኮርነሮች አንድሩ ቡዝንና አካይሌብ ኢቫንስን ወስደው ነበር፣ ሁለቱንም ጉዳት አስቸገራቸው። ነባሩ ባይኖር ዳሩ ባዶ ነበር።

ጥያቄ፦ በቀጣዩ ዓመት መልሰህ ታስፈርመው ነበር?

በ4 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት፣ አዎ። ፒትስበርግ ግን በ2023 የሁለት ዓመት፣ የ14 ሚሊዮን ውል ሰጠው። አንድ ዓመት ተጫውቶ አሰናበቱት።