ነፍሳትን ለኬጂ ልጆች ለማስተማር ላሰብሽው እህቴ፦ ፀጉራም አባጨጓሬ ክፍል እንዳታስገቢ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ኬጂ 2 ነው ማስተምረው፣ ነፍሳት በሰውነታቸው ራሳቸውን ከሚበላቸው እንስሳ እንዴት እንደሚከላከሉ አስተምሪ ተብያለሁ ግን ያለኝ ቻርት ብቻ ነው ያልሽው። ስድስት እግር ምናምን የሚለውን ታውቂዋለሽ እለፊው። እኔ ባህር ዳር ኬጂ ሳስተምር 9 አመቴ ነው፣ በዚችው ርዕስ የሶስት ቀን ደሞዝ ተቆርጦብኛል፣ እና ስሚኝ።

1. በጥንዚዛ ጀምሪ። ቻርቱን ተይው፣ አንድ ትልቅ ጥንዚዛ በሃይላንድ ይዘሽ ግቢና ጠረጴዛው ላይ ልቀቂያት፣ ጀርባዋን በእርሳስ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ፣ ቷ ቷ ሲል ይሰሙታል። ያ ጠንካራው ነገር የፊት ክንፏ ነው፣ ምትበርበት ስሱ ክንፍ ከስሩ ታጥፎ ነው ያለው። ልትበር ስትከፍተው አንዱ ልጅ «ቲቸር ባጃጅ ናት እንዴ?» አለኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ በሌሰን ፕላኔ ላይ ባጃጅ ብዬ ነው ምፅፈው።

2. ለማስነካት ምታመጪው ነገር ፀጉር እንዳይኖረው!! እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። መስከረም ላይ አጥር ስር አባጨጓሬ ሞልቶ አየሁና ፀጉሩ ነው መከላከያው፣ በአይናቸው ይዩት ብዬ በካርቶን አስገባሁ። አትንኩ ብያለሁ፣ በእግዜር፣ ሶስቴ ነው ያልኩት። ግን 38 ልጅ ነው፣ ረዳት የለኝም፣ ዞር ስል አንዷ መዳፏ ላይ አድርጋዋለች፣ ከዛ በዛው እጇ አይኗን አሸች። ፀጉሩ እኮ ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ ይቀራል። እኔ ደግሞ የማውቅ መስሎኝ በሳሙና ፈትጌ አጠብኳት፣ ባሰባት። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ መጀመሪያ በፕላስተር ለጠፍ እያደረግሽ መንቀል ነበረብሽ፣ መፈተግ ይበልጥ ያስገባዋል አለችኝ። አይኗ በሁለት ቀን ዳነ፣ የኔ ግን አልዳነም፣ ዳይሬክተሩ በወላጅ ፊት «ማን ትል አምጪ አለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ፣ ከዛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «ህፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ» የሚል። አጉሊ መነፅር ግዙልኝ ብዬ ሁለት አመት የጠየቅኩት ግን ማንም አላነሳውም። ያንቺም አለቃ እንደዛው ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ ምንም ነገር ከማስገባትሽ በፊት ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ፃፊና ወላጅ ያስፈርም።

3. ልል የነበረው ጨዋታውን ነው። የሹራብ ክር አረንጓዴ፣ ቡኒና ቀይ፣ እኩል እኩል ቆራርጠሽ ሳር ላይ በትኚ፣ ልጆቹ ዶሮ ናቸው፣ እስክታጨበጭቢ ይልቀሙ። ቀዩ ቶሎ ያልቃል፣ አረንጓዴው ሳሩ ውስጥ ይቀራል። ፌንጣ ለምን አረንጓዴ እንደሆነች ያኔ ራሳቸው ይነግሩሻል፣ አንቺ ዝም በይ።

ቁጥሩን ተይው አሁን፣ ዋናው የሎሚ ዛፍ ነው። በአመቱ እልህ ይዞኝ እናቴ ጓሮ ያለውን ሎሚ ሳይ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አለ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ትል ነው! ወፍ የራሷን ኩስ አትበላማ። ሲያድግ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፣ በሳር ጫፍ ነካ ስታደርጊው ከጭንቅላቱ ኋላ እንደ እባብ ምላስ ሹካ የሆነ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀንድ ብቅ ያደርግና በመጥፎ ጠረኑ ያባርርሻል። ፀጉር የለውም፣ አያሳክክም። ክፍል አሳደግነው፣ ራሱን ቅጠል ላይ አስሮ ቆየና ጥቁር ባለ ቢጫ ነጠብጣብ ቢራቢሮ ሆኖ ወጣ፣ ልጆቹ በእልልታ ነው የሸኙት።

ያው ዳይሬክተር አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የኔን ክፍል ነው ሚያሳየው። ባለፈው ጎንበስ ብሎ እያስረዳ ሳለ ትሉ ቀንዱን አወጣበት፣ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሲል 38ቱም ሳቁበት፣ እኔ ኮስተር ብዬ ቆምኩ። ደብዳቤዬን ከፋይል አውጡልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ እስካሁን አልወጣም።

ሎሚ ከሌላችሁ ብርቱካን ዛፍም ላይ ይገኛል፣ ቅጠሉን ግን በየቀኑ ቀይሪለት፣ መድሃኒት ከተረጨ ዛፍ እንዳትቆርጪ ብቻ።