«ከደሜ ጠፍቷል፣ ጉበቴ ውስጥ ግን ተደብቆ ይሆን?»

ጥያቄ፦ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ከጨረስኩ ከሦስት ወር በኋላ የፒሲአር (ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ) ምርመራ ተደረገልኝ። ቫይረሱ ደሜ ውስጥ አልተገኘም። የአንቲቦዲ ምርመራው ግን አሁንም ፖዘቲቭ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ጉበት ውስጥ ተደብቆ ሊራባ ይችላል፣ ናሙና ካልተወሰደ አይታወቅም» ብሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለዚህ ብለው ጉበትዎን በመርፌ አያስወጉ። አንቲቦዲው፣ ማለትም ሰውነትዎ ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ፕሮቲን፣ የሚናገረው ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንደያዘዎት ብቻ ነው። ከዳኑም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ይቆያል።

ጓደኛዎ ግን ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ተመራማሪዎች የቫይረሱን መራባት በእርግጥ ጉበት ውስጥ ይፈልጋሉ። ችግሩ፣ በናሙናው ውስጥ የቫይረሱን አር ኤን ኤ (የዘር መረጃውን የያዘውን ሰንሰለት) ማግኘት ብቻውን መራባቱን አያሳይም፤ ከደም ጋር የገባም ሊሆን ይችላላ! ቫይረሱ የሚዞረው ፖዘቲቭ በሚባለው ሰንሰለት ነው፣ 9,600 ያህል «ፊደላት» አሉት። ሲራባ ግን ኤንኤስ5ቢ የተባለው ኢንዛይሙ መጀመሪያ ተገልብጦ የተጻፈ ኔጌቲቭ ሰንሰለት ይሠራል፣ ከዚያ ላይ ነው አዳዲሶቹ ፖዘቲቭ ሰንሰለቶች የሚቀዱት። ልክ እንደ ማኅተም፦ ፊደሉ ተገልብጦ የተቀረጸበት ራሱ ማኅተሙ ከተገኘ፣ እዚያ ቤት ኅትመት አለ ማለት ነው።

ይህን ኔጌቲቭ ሰንሰለት ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከፖዘቲቩ በጣም ያንሳል፣ ተራ ፒሲአርም ሁለቱን በቀላሉ ያምታታል፣ ስለዚህ የሌለውን አለ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራ ኢንዛይምና ምልክት የተደረገበት ፕራይመር (ቅጂው የሚጀመርበት አጭር የዘር ቁራጭ) የሚጠቀሙት። በዚያ ላይ የተያዙት የጉበት ህዋሳት እዚህም እዚያም ተሰባስበው ነው የሚገኙት፣ መርፌው የሚያወጣው ደግሞ ቅንጣት ታህል ነው። ቢስታቸውስ?

ደሙ ግን አይደብቅም። ባልታከመ ሰው ጉበት ውስጥ በቀን ወደ 1 ትሪሊዮን ቫይረስ ይመረታል፣ ደም ውስጥ ያለው ግማሹ በ3 ሰዓት ገደማ ይወገዳል። ምርቱ ከቀጠለ ደም ውስጥ መታየቱ አይቀርም። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ወይም እንደ ኤችአይቪ የህዋሱ አስኳል ውስጥ ገብቶ የሚደበቅበት መንገድም የለውም፤ የሚራባው ከአስኳሉ ውጭ ነው። ሕክምናው ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ደም ውስጥ ካልተገኘ ሐኪሞች «ድነዋል» የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያገረሽበት ሰው በጣም ጥቂት ነው። እርስዎም ድነዋል፣ ይተኙ!

ይልቅ ሐኪምዎን ሌላ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ከሕክምናው በፊት ጉበቴ ምን ያህል ጠባሳ ነበረው? ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ የደነደነበት ደረጃ) ላይ ደርሶ ከነበረ፣ ቫይረሱ ቢጠፋም የጉበት ካንሰር ስጋቱ ስለሚቀር በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልግዎታል። አንቲቦዲው ዳግም ከመያዝም አይከላከልም። ወደፊት ለመመርመር ሲሄዱ «አንቲቦዲ ሳይሆን ፒሲአር» ይበሏቸው፣ አለበለዚያ ያው ፖዘቲቭ ውጤት እንደገና ያስደነግጥዎታል።