«ሱኪያኪ» ስለ ምግብ ነው ወይ?

እህቴ፣ «ሱኪያኪ የሚለው የድሮ የጃፓን ዘፈን ስለ ምግብ ነው? ስሙስ ከየት መጣ?» ላልሽው፣ ዘፈኑ ውስጥ ምግብ የሚባል ነገር የለም። ሱኪያኪ ማለት በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ በአኩሪ አተር ሶስና በስኳር የሚበስልበት ምግብ ነው። የዘፈኑ እውነተኛ ርዕስ ግን «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ነው፤ ቀና ብዬ ልራመድ እንደማለት። ለምን ቀና? እንባው እንዳይወርድ!

ነጠላ ዜማው ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ዘፋኙ ክዩ ሳካሞቶ፣ የዜማው ደራሲ ሃቺዳይ ናካሙራ፣ ገጣሚው ደግሞ ሮኩሱኬ ኤይ ነው። ኤይ ግጥሙን ያሰበው ጃፓን ከአሜሪካ ጋር የገባችውን የጸጥታ ስምምነት ከተቃወመ ሰልፍ ሆዱ ብሶት ሲመለስ ነው ይባላል። የሚገርመው ግን በግጥሙ ውስጥ አንድም የፖለቲካ ቃል የለም። ሌሊት ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው የምናየው። ፍቅረኛው የተለየችውም ሰው የኔ ነው ይለዋል።

ስሙን ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። ፓይ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊ ጃፓን ሄዶ ሰማውና ወደደው። ርዕሱ ለእንግሊዝ አፍ አይመችም ተባለና የምግብ ስም ተለጠፈበት። መጀመሪያ የኬኒ ቦል ባንድ በመሣሪያ ብቻ ተጫወተው። ለቅሶን በምግብ ስም መጥራት፣ ጉድ እኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ1963 የሳካሞቶው ቅጂ በጃፓንኛው እንዳለ አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ በተባለው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ።

ስታዳምጪው ፉጨቱን ልብ በይ። ቃሉ ቆም ይልና ልጁ እያፏጨ መንገዱን ይቀጥላል።